ፕሌይስቴሽን ልግዛለት ወይስ ኮምፒውተር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከቆጪ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። «ዘንድሮ ከአምስተኛ በታች ካልወረድክ የፈለግከውን እገዛልሃለሁ» ብዬው ነበር። አራተኛ ወጣ። ስለዚህ ቃሌን መጠበቅ አለብኝ። የሚፈልገው ፕሌይስቴሽን ነው። ሠፈራችን ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት እያመሸ ከአባቱ ጋር ስለሚጋጭ፣ ቤት ውስጥ ቢጫወት እኔም ደስ ይለኛል። ወንድሜ ግን «ፕሌይስቴሽኑን ተዪውና ኮምፒውተር ግዢለት፤ ጌሙንም ይጫወትበታል» ይለኛል። ይህን ስነግረው ልጁ «ኮምፒውተር ለጌም አይሆንም» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከቡና ያገኘሁትን 45,000 ብር ለይቼ አስቀምጫለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ቴክኒኩን አላውቅም። እንደሚገባኝ አድርገው ይንገሩኝ።
እናት፣ ከቆጪ

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ቀድሜ ልንገርዎ። ኮምፒውተር ይግዙለት። ወንድምዎ ልክ ነው። ይህን የምለው ግን ፕሌይስቴሽን ጠልቼ አይደለም። እኔ እንጀራ መብላት የጀመርኩት በፕሌይስቴሽን ነው።

በ2001 ዓ.ም. ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሄርማታ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ ጀርባቸው የወጣ ሦስት አሮጌ ቴሌቪዥኖችና ስድስት በርጩማ ነበሩን። ቅዳሜ ቅዳሜ እግር መጣያ አይገኝም። ጥገና የለመድኩት እዚያ ነው። የማሽኑ ሌንስ ዲስክ አላነብም ሲል ከፍቼ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሬ እጠርገው ነበር። አንዱ ሌንስ ጭራሽ ሲሞት ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በዚያ ሦስት ሳምንት ያ ማሽን ምንም አልሠራም። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውም።

በዓመቱ ያገለገለ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር ገዛን። የገዛነው በፍላሽ ዘፈን ለመጫን ነበር። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ «ማመልከቻ ጻፉልኝ» አለ። ሌላው ሲቪ አመጣ። ፕሪንተር ጨመርን። ቀን ማመልከቻ ይጻፍባታል፣ ማታ በሩን ዘግተን ኳስ እንጫወትባታለን። ስድስት ወር ሳይሞላ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ሆነች። ወንድሜ ዛሬም «ያቺ ልጅ» እያለ ይጠራታል። እኔ ዛሬ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለኝ በእሷ ምክንያት ነው። ከፈትኳት፣ አበላሸኋት፣ መልሼ ሠራኋት። ፕሌይስቴሽኑ እንደዚያ እንድነካካው አይፈቅድልኝም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልግባ። ፕሌይስቴሽንም ቢሆን ውስጡ ኮምፒውተር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 የያዘው የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አእምሮ)፣ በላፕቶፕና በዴስክቶፕ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ዘር ነው። ግን አምራቹ ሶኒ ቆልፎታል። ምን እንደሚጫንበት፣ ጌሙ ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ፣ የትኛው አሮጌ ጌም እንደሚሠራበት የሚወስነው አምራቹ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በእርስዎ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ልጅዎ ሊሆን ነው።

ልጁ «ኮምፒውተር ለጌም አይሆንም» ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይመስለኝም። ምናልባት ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ኳስ ሞክሮ ተጫዋቾቹ እየተንቀረፈፉ አስቸግረውት ይሆናል። ያ የሚሆነው የቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ነው። ግራፊክስ ካርድ ማለት ምስሉን እየሣለ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ክፍል ነው። ፕሌይስቴሽን ይህን ክፍል ይዞ ይወለዳል። ኮምፒውተር ላይ ግን ለብቻው ይገዛል። ይህን ካሟሉለት የልጁ ቅሬታ ያበቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ ያድጋል። ዘንድሮ ማሽኑን ይገዛሉ። በሚቀጥለው ቡና ግራፊክስ ካርድ ይጨምሩለታል። ከዚያ በኋላ ራም፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። ፕሌይስቴሽን 4 ግን ሃርድ ዲስኩን ከመቀየር በቀር ዕድሜውን ሙሉ ያው ነው። የተሻለ ከፈለጉ ሙሉውን ሸጠው ፕሌይስቴሽን 5 መግዛት ነው። ሲበላሽም እንዲሁ ነው። ጅማ የዝናብ አገር ናት፣ መብረቁን ያውቁታል። ክረምት በመጣ ቁጥር የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል) ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። የብዙ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ መጠኑና መሰኪያው በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከመደርደሪያ አውርጄ በሃያ ደቂቃ እቀይረዋለሁ። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ሲገዙ ይህን ቢጠይቁ ጥሩ ነው። የፕሌይስቴሽን ፓወር ሰፕላይ ግን ለየሞዴሉ የተለየ ነው፤ ሞዴሉ ካልተገኘ ማሽኑ ቁጭ ይላል።

ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ኳሱስ?» ብሎ ነው። ይህን ነጥብ በደንብ ልመልስለት፤ ምክንያቱም ጅማ ላይ ጌም ማለት ለአብዛኛው ልጅ ኳስ ነው። ፊፋ ኮምፒውተር ላይ አለ። ስሙ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሆኗል እንጂ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ለተወሰነ ጊዜ የኮምፒውተሩ ፊፋ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ፊፋ 22 ለኮምፒውተር የወጣው በፕሌይስቴሽን 4 ደረጃ ነበር። ከፊፋ 23 ጀምሮ ግን ኮምፒውተሩም ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር እኩል ሆነ። ፔስ የተባለው ሌላው የኳስ ጌም ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ስሙን ወደ «ኢፉትቦል» ለውጦ ነፃ ሆኗል። የፕሌይስቴሽኑ ጆይስቲክም አይቀርበትም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በዩኤስቢ ገመድ ወይም በብሉቱዝ ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል።

ፔስን ካነሣሁ የእህቴን ልጅ ታሪክ ልንገርዎ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሣ ይህ ልጅ ስታዲየም ሄዶ ድምፁ እስኪጠፋ ጨፍሯል። ከዚያ በኋላ ፔስ 2017 ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሁለት ወር ሙሉ ተቀመጠ። የቡድኑን ማሊያ ሣለ፣ አርማውን አስገባ፣ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጻፈ። አንድ እሑድ ጠርቶኝ አባ ጅፋርን ከባርሴሎና ጋር አጋጠመኝ። ማሊያው ላይ የሰፈሩን ስም አንብቤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የዛሬ ሥራው የግራፊክስ ዲዛይን ነው። ፎቶሾፕን የጀመረው ለዚያ ማሊያ ነው። ጌም ከፍቶ እንዲህ መለወጥን ተጫዋቾቹ «ሞድ» ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ነገር ነው። እንዲያውም ዓለም የሚያውቀው «ካውንተር ስትራይክ» የተጀመረው «ሃፍ ላይፍ» የተባለውን ጌም ወጣቶች በኮምፒውተራቸው ለውጠው ነው።

ልጁ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተባለ የጦርነትና የግዛት ጌም አለ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ጭማሪ ኢትዮጵያውያን ገብተውበታል። ሾተል የያዘ ወታደር አላቸው። የዮዲት ታሪክም አንዱ ዘመቻ ነው። «ሲቪላይዜሽን 6» ላይ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተጨመረ ክፍል ዳግማዊ ምኒልክ መሪ ሆነው ይመጣሉ። እነዚህ ጌሞች በኋላ እንደ ፕሌይስቴሽን ባሉ የጌም ማሽኖች ላይም ደርሰዋል። ነገር ግን የተወለዱት ለማውስ ነው። መቶ ወታደር በጆይስቲክ መምራት ጓንት አጥልቆ ባቄላ እንደመልቀም ነው።

ስለ ወጪ ላንሣ። ማሽኑን መግዛት የመጀመሪያው ወጪ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ የተገዛን ጌም በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት አብዛኛውን ጊዜ ወርኃዊ ክፍያ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም፤ የኢንተርኔቱ ፓኬጅ ይበቃል። ሌላም አለ። የሶኒ ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ የእኛ ልጆች የሌላ አገር ነዋሪ ነን ብለው አካውንት ይከፍታሉ። የኢትዮጵያን ካርድ አይቀበልም፤ በመሃል ሰው የጊፍት ካርድ ያስገዛሉ፤ አንዳንዱ ይበላቸዋል። ኮምፒውተር ላይ ስቲም የተባለ የኢንተርኔት የጌም ሱቅ አለ፤ እዚያ ኢትዮጵያ ብሎ አካውንት መክፈት ይቻላል። ዋጋው በዶላር ነው፤ ያ ለእኛ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በየዓመቱ በበጋና በክረምት ትልልቅ ቅናሽ ያደርጋል። ኤፒክ የተባለው ሱቅ ደግሞ በየሳምንቱ ጌም በነፃ ይሰጣል። ካርድ አይጠይቅም። የእህቴ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ማታ አካውንቱን ከፍቶ የሳምንቱን ነፃ ጌም ይይዛል። ዳውንሎዱን የሚያደርገው በሌላ ጊዜ ነው፤ ርካሽ ፓኬጅ ሲያገኝ።

ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ የሚዞረውን ጌም ግን አልመክርም። ሱቄ ቫይረስ ይዞ ከሚመጣ ኮምፒውተር አብዛኛው ታሪኩ «ጓደኛዬ ጌም ጫነልኝ» የሚል ነው። የአንዲት እናት የሱቅ ሒሳብና የልጆቿ ፎቶ በዚህ መንገድ ጠፍቷል። ያን ቀን የዋለችበትን ሁኔታ አልረሳውም።

ልጁ ካደገ በኋላ የሚጠቅመውን ደግሞ እናስብ። ኮምፒውተሩ ላይ «ስክራች» የተባለውን የልጆች የፕሮግራሚንግ መማሪያ በነፃ መጫን ይቻላል። አማርኛ አለው። ከዚያ «ጎዶት» አለ፤ ጌም መሥሪያ ነው፣ ነፃ ነው። «ብሌንደር» አለ፤ ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል መሥሪያ ነው፣ እሱም ነፃ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ጌም ሠርቷል፤ ልጅዎ በስልክ አይቶት ይሆናል። ጌሙ የስልክ ነው። የተሠራው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ የተሠራ ጌምም ቢሆን መጀመሪያ የሚጻፈው ኮምፒውተር ላይ ነው። ልጅዎ 16 ዓመቱ ነው ብዬ ልገምት። ጌም የሚወድ የ16 ዓመት ልጅ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን መልሱ ያለበት ማሽን እጁ ላይ ቢኖር እመኛለሁ።

የፕሌይስቴሽኑንም ጥሩ ጎን መደበቅ አልፈልግም። ይሰካል፣ ይበራል፣ ይጫወታል። ማስተካከል የሚባል ጣጣ የለውም። ዲስኩን ለጓደኛ ማዋስ፣ ሲሰለች መሸጥ ይቻላል። ስቲም ላይ የተገዛ ጌም ግን አይሸጥም። እንግዳ ሲመጣ ሁለት ጆይስቲክ ይዞ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥም የራሱ ደስታ አለው። ግን ኮምፒውተሩም በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ መጫወትም ይቻላል።

አሁን ወደ ግዢው። በ45,000 ብር አዲስ ፕሌይስቴሽን 5 አይታሰብም፤ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይገኛል። በዚሁ ገንዘብ እኔ የምመርጥልዎ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 5 ይሁን፣ ሻጩንም 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 8500 ከሆነ የመጀመሪያው 8 ጄኔሬሽኑ ነው። ይህን የምለው ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ራሙ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ ቢቻል ሁለት ባለ 4። ጥንድ ሲሆን ምስሉ ይፈጥናል። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። ሣጥኑ ትልቁ ዓይነት ይሁን፤ ቀጭኑ ውስጥ ሁሉም ግራፊክስ ካርድ አይገባም።

ግራፊክስ ካርዱን ገንዘቡ ካልበቃ ለሚቀጥለው ቡና ያቆዩት። ሲገዙ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ባለ 4 ጊጋባይት ብለው ይጠይቁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ግን ለቢሮ ኮምፒውተር የተፈጠረ ያህል ይስማማል። የሚፈጀው 75 ዋት ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ዓይነት ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ አይፈልግም። አቅሙ ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ጋር ይቀራረባል። ፊፋ 23 ቢያንስ ይኑራችሁ ብሎ የጠየቀው ካርድ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ እኔ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ሁለት 1050 ቲአይ ገዛሁ። ማሸጊያው አዲስ፣ ዋጋው ደስ የሚል ነበር። ጅማ አምጥቼ ስሰካው ኮምፒውተሩም «1050 ቲአይ» ብሎ አነበበው። ኳሱ ግን ተንቀረፈፈ። «ጂፒዩ-ዚ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ስከፍት ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ጻፈ። ውስጡ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አሮጌ ቺፕ ነበር፤ ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ሻጩ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ሁለቱን ካርዶች ለደንበኞቼ ከኪሴ ተካሁ። ስለዚህ ካርድ ሲገዙ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ገንዘብ ሳይከፍሉ ሻጩ ፊት ይክፈቱት። የሚሸሽ ሻጭ ከሆነ ይተዉት። ኮምፒውተሩንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስከፍተው ያቆዩት። ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ወይም ራሱ ከጠፋ አይግዙ።

ስለ መብራት አንድ ነገር ብቻ። የሚያናድደው መጥፋቱ ቢሆንም የሚያቃጥለው ተመልሶ ሲመጣ ያለው ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ልጁ ሶኬቱን ይንቀል። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ይሰካ። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ቢኖር የቤት ሥራውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል።

ኮምፒውተሩን ሳሎን ያስቀምጡት፤ መኝታ ቤት አይሁን። እንደ ጂቲኤ ያሉ ጌሞች ከ18 ዓመት በላይ ላሉ የተሠሩ ናቸው፤ ምን እንደሚጫወት ሲያልፉ ሲያገድሙ ማየት ይችላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ልጁን ይዘውት ይሂዱ። ሱቅ ውስጥ ጆይስቲክ ሰክቶ አንድ ግጥሚያ ይጫወት። ኩርፊያው እዚያው ይፈታል። ወደ እኔ ሱቅ ካመጡትም ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። የሚሠሩት አራት ፕሌይስቴሽን 4 ናቸው። አንተ ሁልጊዜ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ትላለህ። ሸጬ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ልቀይር?
የጌም ቤት ባለቤት፣ ከአጂፕ

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። ለቤት የመከርኩት ለሱቅ አይሆንም። አንተ ጋ የሚመጣው ልጅ ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ፣ ሲሸነፍ እየተነሣ መጫወት ነው የሚፈልገው። ለዚህ ፕሌይስቴሽን ይሻላል። በትንሽ እጅ ቶሎ አይበላሽም፤ ልጁም ጌሙን ዘግቶ ሌላ ነገር ውስጥ አይገባብህም። ሁልጊዜ የሚደክመው ጆይስቲኩ ነው። አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ክፍል) መንሸራተት ሲጀምር ሳትጥለው አምጣልኝ፤ ክፍሉ ይቀየራል። ማሽኖቹንም በየሦስት ወሩ ክፈትና አቧራቸውን አራግፍ። የአንድ ደንበኛዬ ማሽን እየሞቀ ሲጠፋ ውስጡ ከፍተን የምናገኘው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር።

ግን አራተኛውን ማሽን ሸጠህ አንድ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ብታስገባ ደስ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፤ ተማሪ ሁልጊዜ የሚታተም ነገር አለው። ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ሱቅህ ባዶ ነው አይደል? ያን ሰዓት የሚሞላልህ እሱ ነው። የእኔና የወንድሜ ቤት እንደዚያ ነው የተረፈው።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ጓደኞቼ «ይህ ለጌም ሞቷል» ይሉኛል። ምን ልጫወት?
ተማሪ፣ ከግቢ

መልስ፦ አልሞተም። መጀመሪያ ከጀርባው ሁለተኛ የራም ቦታ ካለው ተመሳሳይ 4 ጊጋባይት ጨምርበት። ዓይነቱ ዲዲአር 3 ወይም ዲዲአር 4 መሆኑን ሳታይ አትግዛ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉም የሚጠቀመው ራሙን ስለሆነ ለውጡን ወዲያው ታየዋለህ።

ከዚያ አዲስ አዲሱን አታሳድድ። ፔስ 2013 ይሠራልሃል፤ ፔስ 2017ም ምስሉን ዝቅ ካደረግከው ይሠራል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ይሠራሉ። ኮምፒውተር የሃያ ዓመት ጌም ይዞ መቆየት ይችላል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ግን ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ብትከተው አያነብልህም። ስትጫወት ቻርጀሩን ሰክተህ ይሁን፤ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ አቅሙን ይቀንሳል። አልጋ ላይ ደግሞ አታስቀምጠው። ብርድ ልብሱ የአየር መግቢያውን ይዘጋዋል። በርጩማ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አድርገው።

ዶርም ውስጥ ስትሆኑ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን ተጫዋቾች የሌለ ዕድል አላችሁ። ካውንተር ስትራይክ 1.6 ጫኑ። አንድ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ሣጥን) እና የኔትወርክ ገመዶች ካገኛችሁ ስምንት ሆናችሁ ያለ ምንም ኢንተርኔት ትጋጠማላችሁ። ፓኬጅ አይበላም፣ መዘግየትም የለም። ስዊች ከሌለ የአንድ ሰው ሆትስፖትም ለጥቂት ሰው ይበቃል። ስዊቹን ከላፕቶፖቹ መሃል አስቀምጡትና ገመዱን በግድግዳው ሥር አሳልፉት። መተላለፊያ ላይ ከሆነ አንዱ ለውኃ ሲወጣ ረግጦት ሁላችሁንም ከጨዋታው ያስወጣችኋል።